የአረንጓዴው ከረጢት አማና

አንባቢዎቼ ሆይ፣ እንባ የሚቀድማችሁ ከሆነ መሐረብ አዘጋጁ። ሳቅ የሚቀድማችሁም ብትሆኑ መሐረቡን አትጣሉት፣ በመጨረሻ ያስፈልጋችኋል። የምተርክላችሁ ደሴ ከተማ፣ ሆጤ ውስጥ፣ ከልብስ ሰፊው ከበሺር ቤት የደረሰውን ነው።

በሺርን ሆጤ ውስጥ የማያውቀው የለም። እሱ የሰፋው ሱሪ ጨርቁ ያልቃል እንጂ ስፌቱ አይፈታም ይባላል። ዝምተኛ፣ ቃሉን አክባሪ፣ ሲበዛም ግትር ሰው ነው። ሚስቱ ጣይባ ግን ሌላ ፍጥረት ነበረች! ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ከበር የሚወጣ፣ የሴቶች ዱዓ ባለበት ሁሉ መንዙማ አውጪ፣ ምርቃቷ የማያልቅ። ከታክሲ ረዳት ጋር በመልስ ተጨቃጭቃ፣ ተሳድባ፣ ስትወርድ ግን «ክፉ አይንካህ፣ እናትህን ጡር» ብላ ሳትመርቀው አትሄድም ነበር። ልጆቻቸው ሁለት ናቸው፤ ሂሻምና ታናሽ እህቱ ሰልዋ። ሳሎናቸው ውስጥ በዳንቴል የተሸፈነ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። ጣይባ ለሂሻም ትምህርት ብላ ያስገዛችው ነው። ልጁ አንድ ቀን የተሰናከለ ኪቦርድ አራግፎ ካስነሳው ወዲህ ቤተሰቡ «ኢንጂነር» ይለው ጀመር። እሱም አመነ።

ምነው ደስታ እንዲህ ዕድሜው አጭር ሆነ? ጣይባን ኩላሊቷ ከዳት። ሐኪም ቤት ተመላለሰች፣ ከሳች፣ ጠቆረች። ሐኪሞቹ እርስ በርስ ሲተያዩ እሷ ቀድማ ተረዳች። ያስለቀሳት ግን ሞቱ አልነበረም። «ሰልዋዬን ማን መርቆ ይድርልኝ?» እያለች ነበር የምታለቅሰው። ወሎ ውስጥ ሙሽራ ከእናቷ ቤት ያለ ምርቃት ከወጣች ምኑን ሠርግ ሆነ! ሰልዋ ደግሞ ያኔ ገና ደብተሯን በአበባ የምታስጌጥ ትንሽ ልጅ ነበረች።

አንድ ከሰዓት ጣይባ ሁሉንም ከሳሎን አስወጣች። ሂሻም ማይኩን አስተካክሎ፣ መቅጃውን አስነስቶ ወጣ። በሩን ዘጋችና ለልጇ ሠርግ ቀን የሚሆን ምርቃቷን ለኮምፒውተሩ ተናገረች። ውጪ የቀሩት ምን እንዳለች አልሰሙም። ብቻ መሀል ላይ ስትስቅ ሰሟት... ያን ሳቅ! ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር።

«እስከ ሰልዋ ሠርግ ቀን ማንም እንዳይሰማው» አለች። «በየቀኑ ከሰማችሁኝማ ሬዲዮ ሆንኩ። ሌላም ቦታ ይቀመጥ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት።»

ሂሻም ድምፁን በአንዲት ትንሽ ሃርድ ዲስክ ገለበጠው። መገልበጡን ለማረጋገጥም ዲስኳ ከዚያው ኮምፒውተር ላይ እንደተሰካች ከፈታት። «ቢስሚላሂ...» ሲል የእናቱን ድምፅ ሰማ፣ ቶሎም ዘጋው። «ይዟል!» ብሎ አበሰረ። በሺር ዲስኳን በአረንጓዴ ከፈይ ከረጢት ከተተና በስፌት መኪናው አፉን ድርብ አድርጎ ሰፋው። ጣይባ ከረጢቱን ኮምቦልቻ ለምትኖረው ታላቅ እህቷ ለውዱ ሰጠቻት። «አማና ነው» አለቻት። ሌላ ቃል አልጨመረችም፣ አያስፈልግምም። በዚያ አገር አማና የተባለ ነገር አይነካም፣ አይከፈትም። ሰው አማና ከተቀበለው የእህል ጆንያ አጠገብ ተርቦ ያድራል እንጂ እፍኝ አያነሳም።

ብዙም ሳትቆይ ጣይባ ሄደች። የበሺር መቀስ ተቀመጠ፣ የቤቱ ሳቅ ተዘጋ። ሰልዋ የእናቷን ነጠላ ይዛ እየተኛች ስንት ጊዜ በእንባ ነቃች? እሱን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው... ግን ልጅ ያድጋል፣ ጊዜም ይሄዳል። ሂሻም ኮምፒውተር ተምሮ ተመረቀና ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ያዘ። ሰልዋ አድጋ እናቷን መሰለች። የሂሻም የሥራ ባልደረባ ከሊድም አንድ ቀን ለበዓል ሆጤ መጥቶ ሰልዋን አየና ምግቡን ረሳ። ሽማግሌ ተላከ፣ የኒካሑ ቀን ተቆረጠ። በሺር የልጁን የሠርግ ቀሚስ በገዛ እጁ መስፋት ጀመረ። ያን ሁሉ ዘመን እዚያ ቤት ያን ድምፅ ከፍቶ የሰማ አልነበረም። ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዳለ ሁሉም ያውቃሉ፣ መኖሩም ይበቃቸው ነበር።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጎረቤት ሴቶች ሳሎኑን ሞልተው እልል እያሉ ሽንኩርት ይከትፋሉ። ሰልዋ ስም ዝርዝር ልትጽፍ ኮምፒውተሩን ከፍታ ነበር። መብራት ሄደ። የደሴ ሰው መብራት ሲሄድ አይደነግጥም፣ ሲመጣ ነው መደንገጥ ያለበት! ተመልሶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ጧ! አለ። ሽታው ከሽንኩርቱ በላይ ሆነ። ሂሻም ከኮምቦልቻ በርሮ መጣና ኮምፒውተሩን ፈታታው። ሌላ ማሽን ላይም ሞከረው። ድምፁ ያለበት የኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ቀጭ፣ ቀጭ ብሎ ዝም አለ። ደሴ ያሉ ጠጋኞችም አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሰልዋ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። በሺር ብቻ አልተሸበረም።

«አብሽሩ» አለ። «አማናው አለ።»

በሺርና ሂሻም የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደው ኮምቦልቻ ውዱ ቤት ደረሱ። ውዱ ወፍራም፣ ወሬ የማያልቅባት፣ ለእንግዳ የምትሞት ሴት ናት። ያን ዕለት ግን የመጡበትን ስትሰማ ወሬዋ ደረቀ። ከረጢቱን ከልብስ ሣጥኗ አውጥታ ሰጠች። በሺር መነጽሩን አደረገ፣ ምላጩን አነሳ፣ ሊተረትር አጎነበሰና ቆመ።

«ይህ ስፌት የእኔ አይደለም» አለ።

 የእሱ ድርብ የመኪና ስፌት የለም። ያለው በእጅ መርፌ የተጠቀጠቀ፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ስፌት ነው። ውዱ ወለሉን አየች። በሺር ተረተረው። ሂሻም ዲስኳን ላፕቶፑ ላይ ሰካት። «ምርቃት» የሚል ጽሑፍ ያለው ምልክት ብቅ አለ፣ የሁሉም ልብ ዘለለ! ጫነው። አልከፈተም። ደግሞ ጫነው። ፋይሉ የለም አለ።

«ውዱ፣ ከፍተሽዋል?»

«በሺር ወንድሜ...»

«'ወላሂ አልነካሁም' በይኝና አምንሻለሁ።»

ውዱ አፏን ከፈተች።  «ወላሂ... ማለት አልችልም» አለች።

«አማና በላሽ!» አለ በሺር፤ ያ ዝምተኛ ሰው ጮኸ። «የእህትሽን ድምፅ በላሽ! የልጄ ሠርግ ላይ እንዳላይሽ!»

«ቆይ፣ ልንገርህ፣ እኔ እኮ...»

ማንን ታናግር? በሺር ሂሻምን አስከትሎ በሩን አልፎ ነበር። እየደወለች ብትለምነው ስልኩን አላነሳም። ሁለተኛ ስትደውል ስልኩን ዘጋው፣ ልጆቹም እንዳያነሱላት ከለከለ። ሆጤ የሠርጉ ቤት የለቅሶ ቤት መሰለ። ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች አሁን የሚያለቅሱት ከሽንኩርቱ ይሁን ከሐዘኑ አይለይም ነበር። ሰልዋ ግን በሐዘኗ ላይ ሌላ ሐዘን ተደረበባት፤ አክስቷ ከእናቷ ሞት በኋላ ጸጉሯን ያበጠረችላት፣ የመጀመሪያ ጾሟን ያስፈታቻት ሴት ናት። እሷ የሌለችበት ሠርግ ምን ሊመስል?

በማግስቱ ሂሻም ፋብሪካው ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ ዲስኳን ደግሞ ሰካት። የጠፋውን ልመልስ ብሎ ነበር። ነገር ግን የጠፋ ነገር አላገኘም። ያችን «ምርቃት» የምትል ምልክት ትክ ብሎ አያት። ከጥጓ ትንሽዬ ቀስት አለች። መጠኗን አየ፤ የአንድ ሰው ማስነጠስ እንኳ የማይበቃ ቦታ ነው የያዘችው።  ያን ጊዜ፣ በልጅነቱ፣ እናቱ በቀላሉ እንድታገኘው ብሎ ስክሪኑ ላይ ሾርትከት፣ ወደ ድምፁ የምትጠቁም ምልክት ብቻ፣ አበጅቶ ነበር። የገለበጠው ድምፁን ሳይሆን ሾርትከቱን ነው! ዲስኳን በዚያው ኮምፒውተር ሲሞክራት የከፈተችለትም ድምፁ ከኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ስላለ ነው። ምስክርን ከተከሳሹ ቤት አስቀምጦ መጠየቅ ማለት ይኸው ነው። ሌላ ማሽን ላይ አንድ ጊዜ ቢሞክራት ኖሮ! ተመርቆ፣ ሠራተኛ ሆኖ፣ ለፋብሪካው ሁሉ «መጠባበቂያ ቅጂ ሳትፈትሹ አትመኑ» እያለ ሲሰብክ፣ የእናቱን ግን አማና ነው ብሎ አልነካትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሂሻም ሐረጎን ሲወጣ እንዴት እንደወጣ አያውቅም። አባቱን የስፌት መኪናው ላይ አገኘው፣ ሰልዋ ቀሚሱን ይዛለታለች።

«አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። ሁሉንም ነገራቸው። «አክስቴ ያጠፋችው የለም። ከመጀመሪያውም ባዶ ነበር የሰጠናት።»

የመኪናው ድምፅ ቆመ።  ሂሻም ጥፊ ጠብቆ ነበር፤ የመጣው ግን እንባ ነው። ያ የማያለቅስ ሰው ነጩ ቀሚስ ላይ እንባውን አወረደው።

«ታዲያ ውዱን ምን አልኳት?» አለ። «ምን ብዬ ወጣሁ እኔ?»

ሰልዋ አቀፈችው። «እማዬ ሄደች፣ ድምጿም ሄደ። አክስቴን ደግሞ በቁሟ እንቅበራት፣ አባባ? ይነሱ እንጂ!»

ሦስቱም ወረዱ። ውዱ በሩን ስትከፍት በሺር ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊይዝ ሆነ። «አፉ በይኝ ውዱ። ባዶ ሰጥተን ሙሉ ጠየቅንሽ።»

ውዱ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች። «ተነስ ወዲያ! በሬን አታርክስብኝ!» ብላ ጎተተችው። ከዚያ እየሳቀችም እያለቀሰችም፣ «ከፍቻለሁ እኮ! አልከፈተችም ብለህ ነው አፉ በይኝ የምትለኝ? ከፍቻለሁ!» አለች።

ተቀመጡ። ውዱ ነጠላዋን አጣፍታ ተናገረች፤ የታመቀ ወሬ እንዴት እንደሚወጣ አስቡት! ጣይባ በሞተች በመጀመሪያው ረመዳን ናፍቆቱ አላስተኛት አለ። አንዴ ብቻ ድምጿን ልስማ ብላ ስፌቱን ተረተረች። መናኸሪያው አጠገብ በሰው ስልክ ላይ ዘፈንና መንዙማ የሚጭን ጋሹ የሚባል ባለሱቅ አለ፣ ወሰደችለት። ጋሹ አየና «ይህ የቤቱ ታፔላ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። ዕቃው ከመጣበት ኮምፒውተር ላይ ነው ያለው» አላት።

«ልንገራችሁ አልኩ። ግን ባዶ መሆኑን ስነግራችሁ መክፈቴን ልነግራችሁ ነው! አማና ከፈተች ልባል? ይህ ፊቴ ሆጤ ሊገባ? ስለዚህ ጋሹን 'አስተምረኝ' አልኩት። ራይት ክሊክ፣ ኮፒ፣ ፔስት። አውራ ጣቴ እስኪያብጥ!»

ሂሻም ዓይኑ ፈጠጠ። «ለዓረፋ መጥተሽ 'ራሴን አሞኛል' ብለሽ ሳሎን የተኛሽው!»

«ራሴንማ አሞኝ ነበር። በጉን ከጓሮ እስክትገፍፉ ድረስ ላብ በላብ ሆኜ ስፈልግ ዋልኩ። ቀስት የሌለበትን፣ ትልቁን፣ በፍላሽ ያዝኩት! ጋሹም 'ከፍተሽ እስከ መጨረሻው ካልሰማሽው ገለበጥኩ እንዳትይ' ብሎኝ ስለነበር በማግስቱ እዚህ ሬዲዮዬ ላይ ሰካሁና ሰማሁት። ይኸው ከዚያ ወዲህ በየጁምዓው እሰማዋለሁ። አንዱ ፍላሽ ሲያረጅ በሌላ አስገለብጣለሁ። አንዱ ሣጥኔ ውስጥ ነው፣ አንዱ ቢስቲማ አጎታችን ቤት ነው፣ አንዱ...» አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን የቆዳ መያዣ አወጣች። ጎረቤት ሁሉ ኪታብ ነው ብሎ የሚያከብርላት ነው። «አንዱ ይኸው።»

በሺር ወደ ቆዳው እጁን ዘረጋ። «ድምፁ... ደህና ነው?»

«እንደ ጠዋት ፀሐይ!»

«እስከ ሠርጉ ማንም አይስማው ብላ አልነበር?»

«ብላለች» አለች ውዱ፣ ትንሽ ፈገግ ብላ። «እኔን ግን ታውቀኛለች።»

ሂሻም የሣጥኑን ፍላሽ ላፕቶፑ ላይ ሰካ። «ቢስሚላሂ...» የሚለው ሲሰማ ሰልዋ ጮኸች፣ በሺር ግድግዳውን ያዘ። ውዱ በፍጥነት እጇን ላፕቶፑ ላይ ጫነች። «በቃ! የቀረው የሠርጉ ቀን ነው!» አለች። እስከ ዛሬ ስትሰማ የኖረችው ሴት! ሁሉም ሳቁ። ያ ቤት ከጣይባ ሞት ወዲህ እንዲህ አልሳቀም።

ሠርጉ ደረሰ። የሆጤ ሰው ዳሱን ሞላው። ሙሽራዋ በአባቷ የተሰፋ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ከሊድ አጠገቧ፣ ወደ መኪናው ልትወጣ የምርቃት ሰዓት ሆነ። ሂሻም የድምፁን ቅጂ በሦስት ቦታ ይዟል፣ ሁሉንም በተለያየ ማሽን ሞክሯል፣ ትልቅ ስፒከር ሰክቷል። እጁን አነሳ። መብራት ጠፋ!

ሕዝቡ «ወይኔ!» አለ። የተከራዩት ጄነሬተር ደግሞ አልነሳ ብሎ ሁለት ጎረምሳ ገመዱን ይጎትታል። የሰልዋ እንባ ሊወርድ ሲል ውዱ ሰውን እየገፋች ወደ ፊት መጣች። ከዘንቢሏ ያችን በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ሬዲዮ አወጣች። አንገቷ ላይ ያለውን ቆዳ ፈታች፣ ፍላሹን ሰካች፣ ሬዲዮዋን ከጭንቅላቷ በላይ ከፍ አድርጋ ያዘች።

«ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ሰልዋ ልጄ፣ ምን ያስለቅስሻል? ዛሬ እልል ነው! ያ ረቢ፣ የልጄን ጎጆ የሳቅ ጎጆ አርግላት።»

ከዚያ ድምፁ ዝም አለ። ሂሻም የተበላሸ መሰለው። አልተበላሸም። ጣይባ ለ«አሚን» ቦታ ትታ ነው! በዚያ ባዶ ሳሎን ብቻዋን ተቀምጣ፣ ዛሬ የሚቆመውን ሕዝብ አስባ፣ ጠብቃቸው ነው... ሕዝቡ ሲገባው ዳሱ «አሚን!» ብሎ ተናወጠ።

«የያዘችው ይባረክ፣ የረገጠችው ይለምልም።» ዝም። «አሚን!» «ባሏ ቢያኮርፍ ቶሎ የሚታረቅ ይሁን። እንደ አባቷ ግትር ከሆነ ሶብር ስጣት።» እዚህ ላይ ያ ሳቅ፣ ከበር ውጪ የሰሙት ሳቅ መጣ። ሕዝቡም በእንባ መሀል ሳቀ። «በሺር፣ አታልቅስ፣ ኮትህ ይበላሻል።» በሺር ኮቱን በእጁ ጠራረገ። ሂሻምንም፣ ሙሽራውንም፣ ገና ያልተወለዱትንም መረቀች።

«ውዱ እህቴ» አለ ድምፁ በመጨረሻ። ሁሉም ወደ ውዱ ዞሩ። «አማናውን ለምን ላንቺ እንደሰጠሁ ልንገርሽ? በሺር የሰፋውን አይፈታም። ሂሻም በጥድፊያ ይዟል ይላል። አንቺ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ የታሰረ ነገር አይተሽ ሳትፈቺ አድረሽ አታውቂም። ይህን ሠርጉ ሳይደርስ እንደምትሰሚው አውቃለሁ። አፉ ብዬሻለሁ፣ ደግ አደረግሽ። ብቻሽንም ስትሰሚኝ አሚን በዪልኝ።»

ውዱ ሬዲዮዋን ከፍ አድርጋ እንደያዘች ቆማለች። ከንፈሯ ከድምፁ ጋር፣ ቃል በቃል፣ ይንቀሳቀስ ነበር። በሺር ያን ሲያይ ሁሉም ነገር ገባው። ይህን ምሕረት እያወቀች፣ በዚያ በጮኸባት ቀን ስለሱ አንድ ቃል አልተናገረችም። ቀርቦ ሬዲዮዋን ከእጇ ተቀበላት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የሷን ንግግር ቀድሜ ልናገርባት?» አለች ውዱ። «ተራው የሷ ነበር።»

ያን ሁሉ ዓመት፣ በየጁምዓው፣ ጣይባ የተወችውን ዝምታ ሁሉ አንዲት ሴት ብቻዋን «አሚን» እያለች ስትሞላው ኖራለች። ያን ዕለት የመጨረሻዋን አሚን መላው ሆጤ አለላት። መብራቱም ያኔ መጣ፤ ማንም አላየውም።

አያችሁ ዕጣ ፈንታ! አላህ ሳይደግስ አይጣላም፤ አንዳንዴ ድግሱን የሚያሰናዳው በሰው ድካም ነው። የታመነው ልጅ ያጎደለውን ያልታመነችው አክስት ሞላችው። ዛሬ ወደ ሆጤ ብትዘልቁ በሺር አዲስ የሰፋቸውን ከረጢቶች ታገኛላችሁ፤ አረንጓዴ ከፈይ፣ አንዱ እሱ ቤት፣ አንዱ ሰልዋ ቤት፣ አንዱ ውዱ ዘንድ። በየዓረፋው በጉ ከመታረዱ በፊት ተሰብስበው ሁሉንም ከፍተው እስከ መጨረሻው ይሰማሉ፣ ያረጀውንም በአዲስ ይገለብጣሉ። ታዲያ የከረጢቶቹን አፍ ልብ ብላችሁ እዩት። በሺር በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አማናን አልሰፋውም። እንደ ሸሚዝ የሚፈታ ቁልፍ ነው የተከለለት።